ኪታቡን ማወቅ፣ ልጁን ማወቅ — ከደሴ እስከ ሐርቡ



ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁንና በዚያች አጭር መንገድ ተጓዡ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። የጦሳን ብርድ ፈርቶ ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ የቦርከና ሜዳ ላይ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ በክንዱ ይይዛል። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲታለፍ ደግሞ ማሽላ የሚበቅልባት ሞቃቷ ሐርቡ ትገኛለች። በዚህ መስመር የተጓዝነው አገር ለማየት ብቻ አልነበረም። “ልጃችን አሥራ አራት ዓመት ከሞላው ወዲህ ማን እንደሆነ አላወቅነውም” የሚሉ ወላጆች በየአጋጣሚው ያዋዩናል። እኛም ይህን እድሜ በየቀኑ የሚጋፈጡ ሁለት ዓይነት መምህራን፣ ማለትም በኮሌጅ የሠለጠነውና በደረሳ ቤት ያደገው፣ እንዴት እንደሚያስተምሩ በዓይናችን ለማየት ፈለግን።

ለዚህ ጉዳይ ወሎን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጀማ ንጉሥ ካቋቋሙት ማእከል ጀምሮ በጌታ፣ በዳና፣ በሾንኬና በሌሎችም ቦታዎች የተነሱ የዒልም ማእከላት ልጆችን ከእናት ጉያ ተቀብለው ዓሊም አድርገው ሲመልሱ ኖረዋል። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎን እስልምና በሚተርከው መጽሐፋቸው እነዚህን ማእከላት በስፋት አጥንተዋቸዋል። ደረሳው ፊቅህን ከአንዱ ሸኽ፣ ነሕውን ከሌላው፣ ተፍሲርን ከሦስተኛው ዘንድ እየቀራ በእግሩ ይዞር ነበር፤ የመንደሩም ሰው ከማእዱ እያካፈለ ያኖረው ነበር። በሌላ በኩል ደሴ የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ኮሌጅና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ሁለቱ የትምህርት መንገዶች እንዲህ ጎን ለጎን የሚሄዱበት አገር ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ የገባነው በኮምቦልቻ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የክፍሉ ተማሪዎች ስልሳ ሁለት ናቸው፤ አንድ ወንበር ላይ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። መምህሩ እንግሊዝኛ ያስተምራል። በልጅነቱ ደረሳ የነበረ፣ ኋላ ኮሌጅ ገብቶ የማስተማር ሙያ የተማረ ሰው ነው። ተማሪዎቹ “ቲቸር” ይሉታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሄድበት ሌላ ቦታ ደግሞ “ኡስታዝ” ነው የሚባለው። እዚያም አብረነው እንሄዳለን።

ሥራ የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ፕላዝማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ያልነበሩ ወጣት አንባብያን ምናልባት አያውቁት ይሆናል። በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት በእንግሊዝኛ ቋንቋ በትልቅ ስክሪን ይተላለፋል፤ የክፍሉ መምህር መግቢያ ላይና ማብቂያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል፤ በተረፈ ከስክሪኑ አጠገብ ቆሞ ይመለከታል። ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ በዚያ ስክሪን ብዙ ነገር አይቷል። ዝግጅቱም ቢሆን በባለሙያ የተዘጋጀ ነበር። ነገር ግን አልገባኝም ብሎ እጁን ያወጣን ልጅ ፕላዝማው አይጠብቀውም። “ስክሪኑ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ፣ እኔ ደግሞ የልጆቹን ፊት አያለሁ፤ ፊታቸው ሌላ ቦታ ቀርቷል” አለን መምህሩ። ትምህርት ያለ ሰው ሲቀርብ ምን እንደሚመስል አገራችን በዚያ ዘመን በደንብ አይታዋለች ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ይህ መምህር ኮሌጅ የተማረውን ንድፈ ሐሳብ ይንቃል ብላችሁ እንዳታስቡ። የስዊዘርላንዱ ምሁር ዣን ፒያዤ ልጅ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲደርስ ዓይኑ ባላየው ነገር ላይ ማሰብ፣ “እንዲህ ቢሆንስ?” ማለት እንደሚጀምር አስተምሯል። ኤሪክ ኤሪክሰን ደግሞ የጉርምስና ዋናው ትግል “እኔ ማን ነኝ?” የሚለው ጥያቄ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፉ አስረድቷል። መምህራችን ስለ እነዚህ ሲያወሳ ፈገግ ብሎ፣ “ይህን ባላውቅ ኖሮ ልጁ ሲከራከረኝ ናቀኝ እል ነበር፤ አሁን ግን አእምሮው ሥራ ጀመረ እላለሁ” አለን። ይህ አነጋገሩ በጣም ገረመን። ብዙ ጊዜ ንድፈ ሐሳብ ሰውን ከሰው ያርቃል ሲባል እንሰማለን፤ እዚህ ግን ንድፈ ሐሳቡ መምህሩን ከቂም አድኖ ከልጁ ጋር አቆይቶታል።

ደግሞ ደብተር አለው፤ የማርክ መመዝገቢያ ግን አይደለም። በአምስት ክፍል ከሦስት መቶ በላይ ተማሪ ስላለው ሁሉንም ማወቅ አይቻልም ብሎ አልተቀመጠም። በቀን ሦስት ልጅ መርጦ ያስተውላል፤ ስለ እያንዳንዱ ሁለት መስመር ይጽፋል። አንዱ መስመር ስለ ትምህርቱ፣ ሌላው ስለ ራሱ ነው። በቀን ሦስት ከሆነ በአንድ መንፈቅ ዓመት ሦስት መቶው ይዳረሳል። ስሙን ሸፍኖ አንዱን ገጽ አሳየን፦ “የኃላፊ ጊዜ ግሥ ይሳሳታል። ጠዋት ጠዋት ያረፍዳል፤ ከብት ሜዳ አድርሶ ነው የሚመጣው።” ይህን ሳያውቅ ልጁን በር ላይ ቢያንበረክከው ኖሮ የሚሆነውን አንባቢው ይገምተው።

ጫናው ግን ቀላል አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ሁሉም ሰው ስለ ውጤት ነው የሚያወራው። መምህሩ “ፖርሽን ጨርስ” ይባላል። ልጆቹ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ቤት የዋሉ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የተሰደዱ፣ አንዳንዶቹም ሲመለሱ የትምህርት ቤታቸውን ወንበር ተሰባብሮ ያገኙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ልጅ ሳያናግሩት ፖርሽን መጨረስ ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ከመምህሩ ጋር ወደ ሐርቡ ወረድን፤ ከዚያም በእግር አንድ ሰዓት ያህል ዳገት ወጣን። የደረሳ ቤቱ ከመስጊዱ ጎን የተሠሩ አምስት የሣር ጎጆዎችና አንድ የቆርቆሮ ቤት ነው። ሸኹ ከሱብሒ ሶላት በኋላ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ያህል ደረሶች ሽርጣቸውን አሸርጠው በየጥጉ ይቀራሉ፤ ድምፃቸው ተደባልቆ እንደ ንብ ቀፎ ይሰማል። ነገር ግን ሥርዓት የለሽ አይደለም። ተራው የደረሰው ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት ይቀመጣል፤ እሱ ዐረብኛውን ያነባል፣ እሳቸው ሐረግ በሐረግ በአማርኛ ይፈቱለታል፤ ከዚያ መልሶ ይላቸዋል። ካልያዘው ነገም እዚያው ነው። ከያዘው ይቀጥላል። ታላላቆቹ ደረሶች ጀማሪዎቹን ያስቀራሉ። የክፍል ደረጃ፣ ደወል፣ ማርክ የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1934 የሞተው ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ ልጅ ብቻውን የማይችለውን ነገር ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ሲያግዘው እንደሚችል፣ ትምህርትም መሰጠት ያለበት በዚያች በመቻልና ባለመቻል መካከል ባለችው ቦታ እንደሆነ አስተምሯል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጽሑፍ አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው ትምህርት በጅምላ ከሚሰጠው እጅግ የላቀ ውጤት እንደሚያመጣ አመልክቷል። ሸኹ ሁለቱንም አያውቋቸውም፤ ግን በየማለዳው ይሠሩበታል።

ይህን ስንል ደረሳ ቤቱ ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አጅሩሚያን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ወጣው። ኢብኑ አጅሩም ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ያዘጋጇት ይህች ትንሽ የነሕው ኪታብ የደረሳው ሁሉ በር ናት። ልጁ አንድም ፊደል አልሳተም፤ ሸኹም “ማሻአላህ” አሉት። መምህሩ ግን በኪታቡ ውስጥ የሌለ አንድ አጭር የዐረብኛ ዓረፍተ ነገር መሬት ላይ በጭራሮ ጻፈና “አድራጊው የቱ ነው?” ብሎ ጠየቀው። ልጁ ዝም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የአድራጊን ትርጉም ሲደግም የኖረ ልጅ አድራጊውን መንገድ ላይ ሲያገኘው አላወቀውም። ቀድሞ ቢሆን መፍትሔው “ድገመው” ነበር፤ ሸኹ ልጁን ይወዱታል፣ ግን ፍቅራቸው ይህን ቋጠሮ አልፈታም።

መምህሩ ታዲያ ወደ አማርኛ መለሰው። በነሕው ኪታቦች ውስጥ ዘይድ ሁልጊዜ ዐምርን ይመታል (ዐምር ምን እንዳጠፋ እስከ ዛሬ የነገረን የለም)። “ዘይድ ዐምርን መታ” ሲባል ማን እንደተመታ በምን አወቅህ ብሎ ጠየቀው። ልጁ አሰበ፤ “ዐምርን ስለሚል” አለ። “እዚያ ላይ ያለችው ‘ን’ ናት ኣ? ‘ዐምርን ዘይድ መታ’ ብለን ብናዛውረውስ?” “ያው ዐምር ነው የተመታው።” “እንግዲህ ዐረቡ ‘ን’ የለውም፤ በእሷ ፈንታ የቃሉን መጨረሻ ይለውጣል። አድራጊው ‘ዘይዱን’ ይላል፣ የተደረገበት ‘ዐምረን’ ይላል።” የልጁ ፊት ሲበራ ሁላችንም አየነው። መሬት ላይ ወደተጻፈው ተመልሶ ጣቱን በትክክለኛው ቃል ላይ አኖረ። ከዚያ ሳይጠየቅ ሌላ ዓረፍተ ነገር ሠራ፤ በዚህኛው ዐምር ዘይድን መታ። ደረሶቹ ሳቁ። ሸኹ ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው “አጃኢብ! በገዛ ቋንቋው አስገባኸው” አሉ። ተማሪ አስቀድሞ የሚያውቀውን መርምሮ ከዚያ ላይ መገንባት እንደሚገባ ዴቪድ ኦሱቤል እ.ኤ.አ. በ1968 የጻፈው ይህንኑ ነው። መምህሩ ያመጣው ዘዴ ነው፤ ልጁ ያለ ፍርሃት “አላወቅሁትም” ብሎ ዝም እንዲል ያስቻለው ግን የሸኹ ቤት ነው። በስልሳ ሁለት ልጅ ፊት ቢሆን ያ ዝምታ በሳቅ ይቀበር ነበር።

ይህ ሁሉ የነሕው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን። አካባቢው የስደት መንገድ መነሻ ነው። ከዚህ የሚወጡ ወጣቶች በአፋር በረሃ አልፈው ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ ለመድረስ ይሄዳሉ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በየመን አብየን ጠረፍ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከስድሳ በላይ ሰዎች ማለቃቸው ይታወሳል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ይህ አጅሩሚያን በቃሉ የያዘው ልጅም ባለፈው ዓመት ለመሄድ ወስኖ ነበር።

ሸኹ እንዴት እንዳወቁ ሲነግሩን፣ “ብርድ ልብሱን ለታናሹ ደረሳ ሰጠው። ብርድ ልብስ የሚሰጥ ደረሳ ወይ ወሊ ሆኗል ወይ ሊሄድ ነው፤ ወሊ ለመሆን ደግሞ ገና ነው” አሉን። ልጁን በጓደኞቹ ፊት አልጠየቁትም። ስለ ስደትም አላነሱበትም። ማታ ከዒሻ በኋላ ቡና እየተፈላ ጠርተው፣ “ልጄ፣ እናትህ እንዴት ናት? ከመጣህ ስንት ጊዜህ?” አሉት። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። አባቱ ታሞ እዳ ገብቷል፤ በሬ ተሽጧል፤ አብሮት ያደገ ጓደኛውም ደላላ አግኝቶ ቀን ቆርጧል። ለኪታቡ ሳይሆን ለቤቱ ሲያስብ ነበር ወራቱን ሁሉ የኖረው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ የሸኹ አካሄድ ከየት እንደመጣ ታውቁታላችሁ። ማሊክ ኢብኑል ሑወይሪስ (ረ.ዐ.) ከእኩዮቻቸው ወጣቶች ጋር መጥተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሃያ ሌሊት እንደቆዩ በቡኻሪ ተዘግቧል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ወጣቶቹ ቤተሰባቸውን እንደናፈቁ ባስተዋሉ ጊዜ እቤት ስለተዋቸው ሰዎች ጠየቋቸው፤ ከዚያም ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው እንዲያስተምሩ አሰናበቷቸው። ዝሙት እንዲፈቀድለት የጠየቀው ወጣት ታሪክም በኢማም አሕመድ ሙስነድ አለ። ሰዎች ሲቆጡት እሳቸው ቀረብ አድርገው አስቀመጡት፤ ለእናትህ፣ ለሴት ልጅህ፣ ለእኅትህ ትወደዋለህን እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁት፤ መጨረሻ ላይ እጃቸውን በእሱ ላይ አኑረው ዱዓ አደረጉለት። እዚያ ውስጥ ጥያቄውም አለ፣ እጁም አለ። ልጁን ራሱ እንዲያስብ ያደረገው ጥያቄው ነው፤ እንዲሰማ ያደረገው ግን መቅረቡ ነው።

ሸኹ ልጁን በምክር ብቻ አላሰናበቱትም። ለሁለት ሳምንት ወደ ቤቱ ላኩት። ሲመለስ ከሐርቡ ልብስ ሰፊ ጋር ተነጋግረው ከዙህር በኋላ ስፌት እንዲማር አደረጉ። ማለዳ ይቀራል፣ ከሰዓት ይሰፋል። መምህሩ ደግሞ በቅዳሜው ሰዓት ሒሳብና እንግሊዝኛ ጨምሮለት የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንዲወስድ እያዘጋጀው ነው። የእዳው ነገር አላለቀም፤ ግን የመጀመሪያውን ገንዘብ ለእናቱ ልኳል።

ስለ መቅረብ ይህን ያህል ካልን ስለ ልኩም ማለት ይገባናል። ኢማሙል ገዛሊ በ“ኢሕያእ” መምህር ተማሪውን እንደ ልጁ ሊያየው፣ ጥፋቱንም በአደባባይ ሳይሆን በዘወርዋራና በርኅራኄ ሊያርመው እንደሚገባ ጽፈዋል። ኢብኑ ኸልዱንም በ“ሙቀዲማ” ተማሪን በኃይል መያዝ ወደ ውሸትና ማስመሰል እንደሚነዳው አስረድተዋል። በአንዳንድ ቂርኣት ቤት እስከ ዛሬ ልምጭ የማይለየው መምህር አለ፤ ይህን ከዲን ጋር ማያያዝ ትልቅ በደል ነው ብለን እናምናለን። በሌላ በኩል ቅርበት ሲባል ልጁን ብቻውን ክፍል ዘግቶ ማነጋገር፣ ምሥጢር ማስጠበቅ፣ አንዱን አብልጦ ማቅረብ ማለት አይደለም። ሸኹ ማታ ልጁን ሲያናግሩት በሩ ክፍት ነበር፣ ባለቤታቸውም ቡና ያፈሉ ነበር። መምህሩም ደብተሩን ቆልፎ ያስቀምጣል፤ የልጆቹን የቤት ችግር በመምህራን ክፍል ወሬ አያደርገውም። ልጃችሁን ለማንም መምህር ስትሰጡ ይህን ጠይቁ፤ ጥያቄው ነውር የለበትም።

ከሸኹ ስንሰናበት ልጁ ወደ ሐርቡ ለስፌቱ ሊወርድ ነበርና መንገዱን አብሮን መጣ። ስለ ጓደኛው ጠየቅነው። ሄዷል። ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። የእሱ አጅሩሚያ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሸኹ መደርደሪያ ላይ አለ። በቅርቡ የመጣ አንድ አዲስ ደረሳ ኪታብ አጥቶ ያን ቢጠይቃቸው ሸኹ ከሐርቡ ሌላ አስገዝተው ሰጡት፤ “ያኛው ባለቤት አለው” አሉት።